ማህፀኗ መውጣት አልነበረበትም

የታላቅ እህቴ ማህፀን ከወጣ ወዲህ ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ» ይላታል። ተርፋለች፤ ተመስገን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቢላ ሳይነካት የምትድንበት መንገድ ደጇ ድረስ መጥቶ ነበር። መጥቶም ተመለሰ።

የወር አበባዋ ከመጣ ከሳምንት በላይ ይቆያል። ሞዴስ በየሰዓቱ ትቀይራለች፤ ሌሊት አንሶላው ላይ ፎጣ ታነጥፋለች፤ ሠርግ ስትጠራ መጀመሪያ የምታየው የራሷን ቀን ነው። ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል፤ ፊቷ ገርጥቷል። እናታችን «የእኛ ዘር እንዲህ ነው፤ እኔም በዚሁ አልፌያለሁ» ትላታለች። እሷም ቻለችው። ቻይነቷ ተመሰገነላት እንጂ ሕመም ነው ያላት አልነበረም። ሐኪሞች ቀድሞ በአንድ ዙር ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈሰሰ በዝቷል ይሉ ነበር። ዛሬ እሱን እንኳ ልለካ አይሉም፤ የሴቲቱን ኑሮ ካናጋ በቂ ነው። ከደሙ ጋር ብረት እየሄደ ደም ማነስ የሚያመጣው ይኸው ነው።

በስንት ጉትጎታ ሄዳ ስትመረመር ክፉ ነገር አልተገኘባትም፤ ማህፀኗን ያላጣመመች ትንሽ ማዮማ ብቻ። ሐኪሙ «ሆርሞን ያለው ሉፕ እናስገባልሽ» አላት። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበርና ከዚህ ሌላ አልተባለም። ቤት ገብታ ስትናገር የባሏ እህት ጮኸች፦ «ሉፕማ ደም ያበዛል! ጎረቤታችንን አላየሽም?» ባሏም «ተይው ይቅርብሽ» አለ። ነገሩ እዚያው አለቀ።

ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ሴትዮዋ አለመዋሸቷ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚገባው የመዳብ ሉፕ በእርግጥም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። ለእህቴ የታሰበው ግን ሥራው የዚያ ተቃራኒ ነው። ፊንላንዳዊው ሐኪም ታፓኒ ሉካይነን የደከመበትና እ.ኤ.አ. በ1990 በአገሩ ሚሬና ተብሎ ገበያ ላይ የዋለው ይህ ሉፕ 52 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ይዟል፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂቱን እዚያው ማህፀን ውስጥ ይለቃል። የማህፀን የውስጥ ሽፋን ይሳሳል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ የሚፈሰውም ያንሳል። ለጥቂት ወራት ያልተስተካከለ ጠብታ ያስቸግር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን በብዙዎች ላይ ደሙ እስከ 90 በመቶ ይቀንሳል። ስፌት የለው፣ ተኝቶ መታከም የለው፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እንደ እሷ ላሉ ሴቶች በቅድሚያ እንዲታሰብ የሚመክረው ይህንኑ ነው።

እሱ ባይሆን እንኳ ሌላ ነበር። ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያገኘችው ትራኔክሳሚክ አሲድ ደሙ በሚፈስባቸው ቀናት ብቻ የሚዋጥ ኪኒን ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን በሙቀት የሚያቃጥል ሕክምናም አለ፤ መውለድ ለጨረሰች ሴት ይሆናል፤ ሆድ አይከፈትበትም። ከነዚህ አንዱም ሳይሞከር ደሟ እያለቀ ሄደ። አንድ ቀን ራሷን ስታ ወደቀች፤ የሰው ደም ተሰጣት፤ ከዚያ ሆዷ ተከፈተ። ማህፀን ማውጣት አስባበት ለመረጠችው ሴት ትክክለኛ ሕክምና ነው። እህቴ ግን አልመረጠችውም። እዚያ ስትደርስ የቀረላት እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ልዩነቱን ለዘመድ ሁሉ የማስረዳው እኔ ሆኛለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ነበር የጎደለው። ደግሞ ነገሩ በአንድ ሐኪም የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። አገራችን በቤተሰብ ምጣኔ ስንት ደክማለች! የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን መከላከያ ቀበሌ ድረስ አድርሰዋል፤ በጤና ጣቢያ ሉፕ የሚያስገቡ አዋላጆች ሠልጥነዋል። ሆርሞን ያለውን ሉፕ የሚያስገባውም እጅ ያው የእነሱ እጅ ነው። ክፍሉ አለ፣ አልጋው አለ፣ ባለሙያዋ አለች። እዚያ ክፍል የምትገባ ሴት ግን ስለ መውለድና አለመውለድ ትጠየቃለች እንጂ «ስንት ቀን ይፈስሻል? ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ?» የሚላት ብርቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሉፕ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ስንት ሴት ከዚያ ወዲህ እንደ እህቴ ፎጣ ስታነጥፍ ከረመች!

እናታችን «የእኛ ዘር» ያለችው ራሱ የባከነ ፍንጭ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ከመጀመሪያው የወር አበባ ጀምሮ የሚበዛና በቤተሰብ ያለ ከሆነ፣ ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ በዘር የሚወረስ ችግር ሊኖር ይችላል። ከነዚህ አንዱ ቮን ዊለብራንድ የሚባለው ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው። እህቴን ማንም «እናትሽስ?» ብሎ አልጠየቃትም። አሁን ደግሞ ሴት ልጇ ጀምራለች፤ በወር በወሩ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ትመርመር ብል እናታችን ካሁኑ ፈርዳለች፦ «ስትወልድ ይተዋታል።»