አዋጅን በየፎልደሩ መደልደል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። የፋይልን ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ ሰውም የሚቆጥርበት ዘመንና የሚያድርበት ሥርዓት አለው። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት በሺህ የሚቆጠሩ የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂዎችን በየፎልደራቸው ስለ መደልደል ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ጨዋታ መስሎ ቢታይም፣ ነገሩ ፖለቲካ አለበት።

የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987፣ በጋዜጣው የወጣን ሕግ የመንግሥት አካላትም ሆኑ ማንኛውም ሰው እንዲያውቁት ያስገድዳል። ማወቅ ግዴታ ከሆነ ማግኘትም መብት ሊሆን ይገባዋል። ፈልጎ የማይገኝ ሕግ ከሌለ ሕግ በምን ይለያል?

ለተማሪዎቼ ስል ያጠራቀምኋቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ በማውዝ መጎተት ዕድሜን መፍጀት ነው። ስለዚህ ወደ ትእዛዝ መስመሩ ዞርሁ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ከተጀመረው ከዩኒክስ የወረስነው ጥበብ ቀላል ነው፤ ትንንሽ ትእዛዞች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሥራ። «ፎር» ፋይሎቹን በተራ ታነሳለች፤ «ከት» ስማቸውን በሰረዞቹ ላይ ቆርጣ የተፈለገውን ቁራጭ ታወጣለች፤ «ኤምኬዲር» በዚያ ቁራጭ ስም ፎልደር ትከፍታለች፤ «ኤምቪ» ፋይሉን ወደዚያ ታሻግራለች። አስቀድሞ «ኢኮ»ን ከፊት አስገብቶ፣ ምን ሊፈጸም እንደታሰበ በጽሑፍ ብቻ ማየት ብልህነት ነው። መንግሥታትም ከማወጃቸው በፊት እንዲህ ቢሞክሩት ምን ነበረበት!

ታዲያ የትኛው ቁራጭ መለያ ይሁን? ዓመቱ እንዳንል፣ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ በአማርኛ 652/2001፣ በእንግሊዝኛ 652/2009 ነው፤ አንዱ ሕግ በሁለት ፎልደር ይሰነጠቃል። በእንግሊዝኛ 251/2001 የተባለው፣ በእኛ ግን በ1993 ዓ.ም. የወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አዋጅ ደግሞ ከፀረ ሽብሩ ጋር በአንድ ፎልደር ይተኛል። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ፤ ማሽኑ ግን አይጠይቅም።

ቁጥሩ ይሻላል እንበል። ግን የትኛው ቁጥር? በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን የያዘበት አዋጅ ቁጥር 1 ነው፤ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን በሥራ ላይ ያዋለውም አዋጅ ቁጥር 1 ነው። በዚህች አገር የመጣው ሁሉ ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራል፤ ከእርሱ በፊት የታወጀ ያለ አይመስለውም። ስለዚህ በቅድሚያ ሥርዓቱ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ ፎልደር ሊኖረው ግድ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። «ኤምቪ» በመድረሻው ተመሳሳይ ስም ያለው ፋይል ብታገኝ፣ ካልከለከሏት በቀር አሮጌውን አጥፍታ አዲሱን ትተካለች። ፎልደሩ አስቀድሞ ካልተከፈተም የመጀመሪያው ፋይል የፎልደሩን ስም ይወርሳል፤ ተከታዩም መጥቶ እርሱን ያጠፋዋል። መድኃኒቱ «ሰረዝ ኤን» የምትባል ጭማሪ ናት፤ ከእርሷ ጋር የታዘዘች «ኤምቪ» በነባሩ ላይ አትጽፍም፤ አዲሱ ባለበት ይቀራል፤ የቀረውን በዓይን መርምሮ መለየት የባለቤቱ ፈንታ ነው።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በ1113/2011፣ የፀረ ሽብርተኝነቱም በ1176/2012 ተሽረዋል። መሻራቸው መልካም ሆነ፤ መጥፋታቸው ግን መልካም አይሆንም። ሰዎች የታሰሩበትና ማኅበራት የተዳከሙበት ሕግ ቃሉ ሳይጎድል ካልተቀመጠ፣ ነገ ሌላ ስም ለብሶ ሲመለስ በምን እናውቀዋለን? የተሻረውን ከጸናው አጠገብ፣ እያንዳንዱን በየስሙ ማኖር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የዜጋም ሥራ ነው።

ቸር ይግጠመን።