የሚፈራ ሰው ጭፈራ

የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ከጨዋታ በፊት ተሰልፎ ደረቱን ሲመታ፣ መሬቱን ሲረግጥ፣ ዓይኑን ሲያፈጥና ምላሱን ሲያወጣ ያየ ሰው «ተጋጣሚን ማስፈራራት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጭፈራው ሃካ ይባላል፤ የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የማኦሪዎች ነው። ሆኖም «ካ ማቴ» የተባለው ዝነኛ ሃካ ከድል አልተወለደም። በ1812 ዓ.ም. ገደማ የንጋቲ ቶአ ጎሳ መሪ ቴ ራውፓራሃ ጠላት ሲያሳድደው የስኳር ድንች ማከማቻ ጉድጓድ ገብቶ ተደበቀ። አሳዳጆቹ ሲሄዱለት ወደ ፀሐይ ወጣና ያን ጊዜ ይህን ሃካ ደረሰው ይባላል። ዓለም የጦር ጭፈራ የሚለው እንግዲህ ሞትን በቅርብ ሰምቶ የተረፈ ሰው ደስታ ነው።

የጦር ጭፈራ ለማይፈራ ሰው የተሠራ አይመስለኝም። የማይፈራ ሰው እግሩን ከጓደኛው እግር ጋር ማስተባበር ምን ያደርግለታል? ብቻውን የሚንቀጠቀጥ ጉልበት ግን ከመቶ ጉልበት ጋር አብሮ መሬት ሲመታ ይጸናል።

የእኛም ፎካሪ ይህን ያውቃል። «ዘራፍ!» ብሎ ተነሥቶ፣ ጦሩን እየሰበቀ በአለቃው ፊት ሲንጎራደድ አባቱን ይጠራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የሠራውን ይቆጥራል፣ ሊሠራ ላሰበውም ይምላል። ጠላት ገና ሩቅ ነው፤ አይሰማውም። የሚሰሙት ወገኖቹ ናቸው፤ ነገ በቃሉ የሚይዙትም እነሱ ናቸው።

ጭፈራው ከጦርነቱ በላይ ዕድሜ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ማኦሪዎች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሃካን በሠርግም በቀብርም ይጨፍሩታል። መጋቢት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. በክራይስትቸርች ከተማ አንድ ታጣቂ በሁለት መስጊዶች ተኩስ ከፍቶ 51 ሰዎች ሲሞቱ፣ ተማሪዎች ተሰብስበው ሃካ ጨፈሩ። የሚያስፈራሩት ጠላት አልነበረም። ሟቾችን አከበሩ፤ ሐዘንተኞቹንም «ብቻችሁን አይደላችሁም» አሏቸው።

ይህ ኃይል ሁልጊዜ ለመልካም አልዋለም። እዚህ አገራችን ፉከራ ወራሪን ለመመከት እንዳገለገለ ሁሉ ወንድምን በወንድም ላይ አስነሥቷል። ይህን ደብቀን ፉከራን ለበዓል መድረክ ማድመቂያ ብቻ ብናደርገው ግን ትልቁን ቁም ነገር እንጥላለን። ወገን ፊት ቆሞ ቃል መግባትና በቃል መገኘት ጦር ለማያነሣ ትውልድም ያስፈልጋል። የተባበረ እግር ማንን ሊረግጥ እንደሚሄድ አስቀድሞ መጠየቅ ደግሞ የእያንዳንዱ ጨፋሪ ዕዳ ነው።