በአምበር ያደሩ እግረኞች

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተጓዛችሁ እናቶችና እህቶች አምበርን ሳታውቋት አልፋችኋት ይሆናል። ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ፣ ተሳፋሪው «እንግዲህ ደብረ ማርቆስ ቀረበች» እያለ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር የምትገኝ ከተማ ናት። በምሥራቅ ጎጃም ዞን የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በመኪና መስኮት ለሚያያት ሰው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ጥቂት ሻይ ቤቶች፣ ከዚያም እንደገና ማሳ እንጂ ሌላ አትመስልም። ከደብረ ማርቆስ በማለዳ ተነሥቶ በእግሩ ለሚመጣ ግን አምበር የመጀመሪያዋ ማደሪያ ናት።

ለመሆኑ በዚህ ዘመን ማን በእግሩ ይሄዳል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚታሰብበት ቀን ነው። በዓሉ በደብረ ሊባኖስ ገዳም በድምቀት ስለሚከበር፣ ከጎጃም ልዩ ልዩ ቀበሌዎች ስለት ያለባቸው ሰዎች ስንቃቸውን ይዘው በእግር ይነሡ ነበር። ከደብረ ማርቆስ እስከ ገዳሙ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠንካራ እግር በሳምንት ይጨርሰዋል።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መግቢያ ላይ ከእነዚህ መንገደኞች ጋር ከደብረ ማርቆስ እስከ አምበር፣ ከዚያም እስከ ሉማሜ ተጉዣለሁ። አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ ሰባቱ ሴቶች ናቸው። ከቤታቸው ሲነሡ ግን አሥራ አንድ አልነበሩም። ከቡሬ ሁለት ወንድማማቾች ብቻቸውን ተነሡ። ከደንበጫ አካባቢ አንዲት እናት የስድስት ወር ልጇን አዝላ ከአክስቷ ጋር መጣች። አንዲት መነኩሲት ከወዴት እንደተነሡ ለማንም አልተናገሩም። የቀሩትም እንዲሁ በየመንገዱ የተገናኙ ናቸው። መተዋወቂያው አጭር ነው። አንዱ ሌላውን ደርሶ «ወዴት ነው?» ይላል። «ወደ ተክልዬ።» «እንግዲያው አብረን ነን።» ከዚህ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ የቤተሰብ ወሬ ነው።

አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ብቻ ስለት የለበትም። ለሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ አስቦ የመሳፈሪያ ገንዘብ ስላጠረው፣ «ከእነርሱ ጋር ከሄድኩ ቢያንስ አልራብም» ብሎ የተቀላቀለ ነው። ይህን በግልጽ ሲናገር ማንም አልተቀየመውም። መነኩሲቷ እንዲያውም «ተክልዬ የጠራውን በምን እንደሚጠራው ያውቃል» ብለው ሳቁ።

እነዚህ ሰዎች አንድ ላይ ሲጓዙ የማንም አለቃ ሳይኖርባቸው ሕግ አላቸው። ፊት የሚመራው ጉልበታሙ ሳይሆን ደካማው ነው፤ የጉዞው ፍጥነት በእርሱ እግር ይለካል። በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቆሎው ከየስልቻው ወጥቶ በአንድ ነጠላ ላይ ይፈስሳል እንጂ ማንም የራሱን ብቻ አይበላም። አንዲት ሴት ለጉዳይ ዞር ስትል ወንዶቹ አለፍ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ በነጠላቸው ይጋርዷታል። ሌሊት ሴቶችና ሕፃናት መሀል፣ ወንዶች በር በሩን ይተኛሉ። የስለት ምክንያት አይጠየቅም፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይናገራል። ይህን ሁሉ የጻፈው የለም፤ ሆኖም ሲጣስ አላየሁም።

ከመካከላቸው የእኛን የከተሜዎችን ኑሮ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። በደብረ ማርቆስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነው የወጣችው። የወር አበባዋ ከበዓሉ ቀን ጋር እንዳይገጥም ቀኑን አስቀድማ ቆጥራ፣ አዲስ የስፖርት ጫማ ገዝታ፣ በጀርባዋ ዚፕ ያለው ቦርሳ አንግታ ስትመጣ ከሁሉም የተዘጋጀች ትመስል ነበር። አዲስ ጫማ ግን ለረጅም መንገድ ጠላት ነው። በአምበር መግቢያ ላይ ሁለቱም ተረከዞቿ ውሃ ቋጥረው፣ የቀኙም ተልጦ፣ በጣቶቿ ብቻ እየረገጠች ነበር። በኮንጎ ጫማ የመጡት የስልሳ ዓመት አሮጊት ደህና ነበሩ።

ማደሪያ የተገኘው እንጀራ ጋግራ ለሻይ ቤቶች በምታስረክብ አንዲት የአምበር ሴት ቤት ነው። መነኩሲቷ ከደጅ ቆመው «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» አሉ። ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» የሚል ድምፅ መጣ። አሥራ ሁለት ሰው መሆናችንን ስታይ እንኳ ፊቷ አልተለወጠም፤ ልጆቿን ከጎረቤት ምንጣፍ እንዲያመጡ ላከቻቸው።

ውሃ ሞቀ፤ እግር መታጠብ ተጀመረ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ተራዋ ደርሶ ካልሲዋን ስታወልቅ ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። መነኩሲቷ ሳፋውን ወደ ራሳቸው ስበው ዝቅ አሉ። እርሷም «አይሆንም እማሆይ፤ እኔ ነኝ የእርስዎን የማጥበው» ብላ እግሯን ልትሰበስብ ሞከረች። «ዝም በይ ልጄ፤ በመንገድ ላይ ታላቅና ታናሽ የለም፤ የታመመ እግርና ያልታመመ እግር ነው ያለው» አሏት። በጨው ውሃ አጠቧት። የቋጠረውን ቆዳ ሊያፈርጥ የፈለገውን ወጣት ግን እጁን መቱት። በዚህስ ትክክል ናቸው፤ ውሃ የቋጠረ ቆዳ ካልተቀደደ ከሥሩ ላለው ሥጋ ሽፋን ነው። በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይበቃዋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን እንዲህ ያለ ቁስል ይዞ ሐኪም ሳያይ አንድ እርምጃ መቀጠል እንደሌለበት ለአንባቢዎቼ ማስታወስ እወዳለሁ።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። በዚህ እግር ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት አይቻልም። አውቶቡስ በደጃፍ ያልፋል፤ ገንዘቡም በቦርሳዋ አለ። ከቡሬ የመጣው ታላቅየው «እህቴ፣ ተሳፈሪ፤ እዚያው እንገናኛለን» አላት። እርሷ ግን «ስለቴ በእግሬ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ስለቷ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። መነኩሲቷ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ተክልዬ ራሱ በጸሎት ብዛት አንድ እግሩ የተሰበረ፣ ሰባት ዓመት በአንድ እግሩ የቆመ ጻድቅ ነው። እግሯ የታመመችን ሴት ይቀየማል ብለሽ ነው?» አሏት። ሴትዮዋም ቀና ብላ «እንግዲያውስ እርሱ በአንድ እግሩ ሰባት ዓመት ከቆመ፣ እኔ በሁለት እግሬ ሰባት ቀን አልሄድም?» አለች። እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ መነኩሲትም ቢሆን ይረታል።

ያልጠበቅሁት ቀጥሎ የሆነው ነው። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት አይተዋት አያውቁም። አንድ ቀን በዘገዩ ቁጥር ከበዓሉ የመቅረት ሥጋት አለባቸው። የእርሷን ችግር ለእርሷ ትተው ቢሄዱ ማንም የሚከስሳቸው የለም። እነርሱ ግን ቀን መቁጠር ጀመሩ። ግንቦት 10 ማታ ለመድረስ አስበው ነበር፤ 11 ማታ ቢደርሱም ማኅሌቱን አያጡም። ስለዚህ ነገ አምበር ይውላሉ፤ በማግሥቱም እስከ ሉማሜ ብቻ አዝግመው ያድራሉ። ቦርሳዋን የቀን ሠራተኛው ይሸከማል። እርሷ ከፊት ትሄዳለች። ውሳኔው የፈጀው ጊዜ ቡና አንደኛው ተቀድቶ ሁለተኛው እስኪደርስ ድረስ ነው።

በዋልንበት ቀን አሮጊቷ ስለ ዓባይ በረሃ ለአዲሶቹ ያስረዱ ነበር። ከደጀን ጎህ ሳይቀድ መነሣት፤ ቁልቁለቱን በጥላ መጨረስ፤ ሕፃኑን ደጋግሞ ማጥባት፤ ቆላው ንዳድ አለበትና ከወንዙ ዳር አለማደር። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በወንዙ ላይ ያለው አዲሱ የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተከፈተ ሲሆን 303 ሜትር ርዝመት አለው። አሮጊቷ ግን ድልድዩን የሚያስታውሱት በርዝመቱ ሳይሆን፣ ቀትር ላይ ጥላ የማይገኝበት ቦታ በመሆኑ ነው።

ስለ ግንቦት 12 ሲነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ይነሣል። በ1929 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ ገዳሙን የከበበው በዚሁ በዓል ሰሞን ነው። ግራዚያኒ በቴሌግራም ያስታወቀው የተገደሉት መነኮሳት ቁጥር 297 ሲሆን፣ በኋላ የተደረገ ጥናት ሟቾቹን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያደርሳቸዋል። ከነርሱም መካከል ለበዓሉ ከሩቅ የመጡ ተሳላሚዎች ነበሩ። መነኩሲቷ ይህን ሲያነሡ «የእኛው መንገደኞች» አሏቸው።

ረጅም መንገድ በእግር የመሄድ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በሚወስዱት ጥንታውያን መንገዶች በ2023 እ.ኤ.አ. ከ440 ሺህ በላይ ሰዎች ደርሰው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ ለእግረኛ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መሄድ ግዴታ ነው። እዚያ በየመንደሩ ለመንገደኛ የተሠራ ማደሪያ አለ። እኛ ዘንድ ማደሪያው የእንጀራ ጋጋሪዋ ቤት ነው። የአየርላንዷ ጸሐፊ ደርቭላ መርፊም በ1966 እና በ1967 እ.ኤ.አ. በቅሎ እየነዳች ከምጽዋ ተነሥታ አዲስ አበባ ስትገባ፣ ብዙ ሌሊት ያሳደራት እንዲህ ያለው የገጠር ቤት ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ጉዞ ዓድዋም ከአዲስ አበባ ዓድዋ ድረስ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር የሚሄዱ ወጣቶችን አገናኝቷል።

ሉማሜ ላይ ተለያየን። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከፊት ነበረች፤ በእግሯ ላይ ግን የስፖርት ጫማው አልነበረም። የአምበሯ ሴት የራሷን ነጠላ ጫማ ሰጥታት፣ በካልሲ ላይ ተጫምታዋለች። «ስመለስ አመጣልሻለሁ» ብትላት፣ ባለቤቷ «ጫማውን ተይው፤ ጠበልና እምነት አምጪልኝ» ብላት ነበር።

ሁሉም ግንቦት 11 ማታ ደረሱ። የቀን ሠራተኛውም በዓሉን ውሎ ወደ አዲስ አበባ አለፈ። ሴትዮዋ ስትመለስ በአውቶቡስ ነው፤ ስለቱ መሄጃውን እንጂ መመለሻውን አይጨምርም። አምበር ላይ ወርዳ በሃይላንድ የያዘችውን ጠበልና በወረቀት የጠቀለለችውን እምነት ሰጠች። ነጠላ ጫማውንም አጥባ መለሰች፤ ሌላ አዲስ ጨምራበት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በበዓል ይደዋወላሉ፤ የአንዷ ልጅ ለአንዷ ልጅ ያደገበትን ልብስ ይልካል።

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ግን በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሌላ መንገድ ሆኗል። ከዓባይ ወዲያ ማዶም ቢሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ገብረ ጉራቻ አጠገብ ከአውቶቡስ ላይ ተማሪዎች ታግተው መወሰዳቸው ብዙ እናቶችን አስደንግጧል። በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ የሚሸሽበት መኪና እንኳ የለውም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሁለተኛ ስለት እንዳለባትና መንገዱ ሰላም እስኪሆን ድረስ እንዳቆየችው ነግራኛለች። ምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅኋትም።

በቅርቡ ለአምበሯ ሴት ስልክ ደውዬ ባለፈው ግንቦት ስንት የተክልዬ መንገደኛ እንዳሳደረች ጠየቅኋት።

«ሦስት» አለችኝ። «ሦስቱም ወንዶች ናቸው።»