ስለ ሁለት ዓይና ሐኪም

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን መጻሕፍት ትርጓሜ አጠናቅቆ የያዘ መምህር «አራት ዓይና» ይባላል። ከአራቱ አንዱን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ አራቱን በአንድ ራስ የሚያሳድር ግን ጥቂት ነው። በዘመናዊውም ትምህርት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለ። ሕክምናንና የሳይንስ ምርምርን አጣምሮ በሁለት የዶክተርነት ማዕርግ የሚያስመርቅ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሁለት ዓይና ሐኪም» ብንለው ከእውነት የምንርቅ አይመስለኝም፤ በአንደኛው ዓይኑ በሽተኛውን፣ በሁለተኛው በሽታውን ያያልና።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣሁት ሕክምና የሚያጠና አንድ አብሮ አደጌ ወደ ውጭ አገር ሊልከው ያሰናዳውን የማመልከቻ ጽሑፍ «አንተ የቋንቋ ሰው ነህና እስቲ እየው» ብሎ ስለ ሰጠኝ ነው። ጽሑፉን ለማረም በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

አሜሪካን እንውሰድ። በዚያ አገር መንግሥት ለዚህ ጥምር ትምህርት ገንዘብ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ትምህርቱ በአማካይ 8 ዓመት ያህል ይፈጃል። በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ከ1,700 እስከ 2,000 የሚደርሱ ሰዎች ሲያመለክቱ፣ ገብተው የሚማሩት 700 ያህል ናቸው። ከሦስት አንዱ ይገባል ማለት ነው። በአገራችን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን ብቻ የሚመለከት ሰው የእኛ በር ከዚያኛው ይጠብባል ሊል ይችላል።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን አያስረዳም። እኛ ዘንድ ወንፊት የሚገባው የአገሩ ተማሪ ሁሉ ነው፤ እዚያ የሚያመለክተው ግን አስቀድሞ ደጋግሞ የተነፋ ዱቄት ነው። የገቡት ሰዎች አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ 3.8 ገደማ ነው፤ ካልገቡትም ብዙዎቹ ከዚያ አይርቁም። ስለዚህ የሚለያቸው ሌላ ነው። ይህ ልጅ በምርምር ሥራ ላይ ስንት ጊዜ ቆየ? ሙከራው ሲበላሽበት ምን አደረገ? አብሮት የሠራ መምህር ስለ እርሱ ምን ይመሰክራል? ከሁሉም በላይ የራሱ የሆነ ጥያቄ አለውን? መራጮቹ የሚመረምሩት ይህን ነው።

የባልንጀራዬ ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ «የሰውን ልጅ ለማገልገል» በሚል ቃል የተሞላ ነበር። «ይህንስ የማይል ማን አለ? አንተ ማወቅ የምትፈልገው ምንድን ነው?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «በእኛ ቀበሌ ሁለት ወንድማማቾች ያንኑ ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው ሲያርሱ ይኖራሉ። የአንደኛው እግር ያብጣል፤ ሌላው ደኅና ነው። ለምን?» አለኝ። «እንግዲያው ከዚህ ጀምር» አልሁት።

ጥያቄው ስለ ዝሆኔ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር፣ የደጋው ዝሆኔ ትንኝ ከሚያስተላልፈው የተለየ መሆኑንና ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተገኘ ቀይ አፈር ጋር መያያዙን አስረድቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ካደረጉት ጥናት፣ አንዳንዱ ሰው በዘሩ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠ መሆኑን ገለጡ። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ፣ 696 በሽተኞች በተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናትም፣ እግርን መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም የሚያስከትለውን ግርሻ በአምስት አንድ እጅ ያህል መቀነሳቸው ታየ። እንግዲህ የልጁ ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። መልሱ በከፊል ተገኝቷል፤ ገና የሚቀረውም አለ።

ጽሑፉ ከታረመ በኋላ ደግሞ ሌላ በር አለ። የአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ለዜጎቹና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ለውጭ አገር ተማሪ ከራሳቸው ኪስ የሚከፍሉ ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ናቸው። ባልንጀራዬ ይህን እያወቀ ማመልከቻውን አልተወም፤ እኔም ተው አላልሁትም። ባይሳካለት የሚቀረው መንገድ እዚሁ ሕክምናውን ጨርሶ የምርምሩን ዶክትሬት እንደ ገና መጀመር ነው። ምርምር የሚሠራበትም ቦታ ጨርሶ የለም አይባልም፤ አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አንዱ ነው። ነገር ግን መንገዱ ረጅም ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ሦስት ታናናሾችም አሉት። እርሱ «ምርምር» ባለ ቁጥር አባቱ የመጀመሪያውን ደመወዝ ቀን በጣታቸው ይቈጥራሉ። ማንኛቸውንም ተሳሳቱ ለማለት አልችልም።

ወደ ቅኔ ቤት የሚሄድ ልጅ በሩ ላይ «ከዚህ በፊት ምን ተቀኝተሃል?» ተብሎ አይመለስም። ይገባል፤ ኮቸሮ እየለመነ ይማራል፤ የሚያበጥረው ጊዜና ትዕግሥት ነው። በዘመናዊው በር ግን አስቀድሞ ተመራምሮ መገኘት ያስፈልጋል። ቤተ ሙከራ ያልገባ ልጅ ጭንቅላቱ የቱን ያህል ብሩህ ቢሆን የሚያሳየው የለውም።

ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። ምርምር የሚሠሩ መምህራን ሁሉ ለጥናት ወደ ገጠር ሲወጡ አንድ አንድ ተማሪ ይዘው ይውጡ። መዝገብ የሚይዝ፣ አፈር የሚለቅም፣ በሽተኛ የሚጠይቅ ተማሪ ይሁን። የሚያስፈልገው ወጪ የመኪና ወንበርና ምሳ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን ያ ተማሪ ስለ ሥራው የሚመሰክርለት መምህር ይኖረዋል።