የአባቱን ጌም በመጋዝ

አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባቱ በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛውን ዕቃ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ በመጋዝ ሲቆርጠው ብታገኙት ምን ትሉት ነበር? እኔ ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረውን ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ያየሁት ይህንኑ ነው። «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብዬ መጋዙን ልነጥቀው ቃጣኝ።

ዕቃው ኒንቴንዶ 64 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የወጣ፣ ከቴሌቪዥን ጋር እየተገናኘ የሚሠራ ማጫወቻ ነው፤ ጨዋታው ያለው እኛ በልጅነታችን «ካሴት» እንለው በነበረው፣ ከላይ በሚሰካው ካርትሪጅ ውስጥ ነው። የእኅቴ ባል አሜሪካ እንደገባ፣ መኪና ማቆሚያ ተቀጥሮ ሳለ ገዛው። ዛሬ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል።

ልጁ ለካ ዕቃውን በእጅ የሚያዝ ሊያደርገው ኖሯል። ይህን ሥራ ያስፋፋው የዊስኮንሲኑ ቤንጃሚን ሄከንዶርን ነው ይላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የ1977ቱን አታሪ 2600 በእጅ የሚያዝ አድርጎ ሠራው፣ በ2005 ደግሞ ስለ ሙያው መጽሐፍ አሳተመ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቦርዱ ተቆርጦ ያንሳል፤ መጋዙ አንዲት ቀጭን መስመር ከሳተ ግን ሁሉም ነገር አለቀለት። ማሽኑ 3.3 ቮልትና 12 ቮልት ለየብቻ ስለሚፈልግ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ሁለቱም የሚለውጡ ትንንሽ ዕቃዎች ይበየዳሉ። ትንሽ ስክሪን ይገጠማል፤ መቆጣጠሪያው ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኝ ይገባል።

«ፈቅደሽለት ነው?» አልኳት እኅቴን።

«እኔ ፈቅጃለሁ። አባቱ አልሰማም» አለች። ልጁ በፊት አሮጌ ገዝቶ ሞክሮ ኖሮ፣ ቦርዱን ቆርጦ አበላሸው። ሁለተኛ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም።

እኔ አልተስማማሁም፤ የሰው ትዝታ ያለበትን ዕቃ ባለቤቱ ሳይጠየቅ መንካት ደግ አይደለም አልኳት። ማታ ግን ነገሩን ሳነብ ከጄሪ ላውሰን ታሪክ ላይ ደረስኩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውንና ካርትሪጅ እየተቀያየረ የሚሰካበትን የመጀመሪያውን የቤት ማጫወቻ፣ ፌርቻይልድ ቻነል ኤፍን፣ የመራው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ሲያድግ ገና በልጅነቱ የሰው ቴሌቪዥን ይጠግን ነበር። እናቱ ደግሞ ልጇን ከማስገባቷ በፊት ትምህርት ቤቱ ድረስ እየሄደች መምህራኑን ትመረምር ነበር። እኅቴን ትንሽ የተረዳኋት ያን ጊዜ ነው።

በአንድ ነገር ግን አልተውኳትም። ልጁ የሊቲየም ባትሪዎቹን አልጋው አጠገብ ሰክቶ ይተኛ ነበር። እኅቶቼ፣ ይህ ባትሪ ከተበሳ ወይም ሽቦው ከተነካካ እሳት ይሆናል! መከላከያ ሰርኪዩትና የራሱ ቻርጀር ያስፈልገዋል፤ ብቻውንም አይተውም። ጮኽኩ፣ ተኳረፍን፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት፣ ወጥ ቤት ሸክላው ወለል ላይ ነው የሚሞላው።

ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላም ሁለት ቀን ሙሉ አልነሣም አለ። ልጁ ምግብ አልበላ አለ፤ አባቴ ምን ይለኛል እያለ። በመጨረሻ ጥፋቱ ተገኘ፦ በማሽኑ ክዳን ሥር የምትሰካ አንዲት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ እሷ ወይም በእሷ ምትክ የሚገባው ተጨማሪ ሜሞሪ ከሌለ ማሽኑ አይሠራም። እሱ የማትረባ መስላው ነቅሎ ጥሏት ነበር። ከቆሻሻ ቅርጫት ያወጣናት እኔና እኅቴ ነን።

ቅዳሜ ጧት አባትየው አድሮ ገባ። እኅቴ ቡና ስትቀዳ ልጁ ያንን ወፍራም ነገር ከስኒው አጠገብ አኖረው። ሁላችንም ዝም አልን። አባትየው አነሣው፣ ገለበጠው፣ ከጀርባው ካርትሪጁን አገኘና ነቅሎ እንደ ድሮው እፍ አለበት።

«አባዬ፣ እፍ አትበለው፤ እርጥበቱ ይጎዳዋል። በአልኮል ነው የሚጠረገው» አለ ልጁ።

አባትየው ቀና ብሎ አየው። ደግሞ አንዴ እፍ አለበትና መልሶ ሰካው።