ስለ አንድ የቲታንየም ላፕቶፕ ነውርና ውበት

በቤታችን ዳዊቱና የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ ላይ አንድ ስስ የብረት ሰሌዳ የሚመስል ዕቃ አለ። ይህ ዕቃ ላፕቶፕ የሚባለው የጭን ኮምፒዩተር ነው። ባትሪው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቀለሙ ተላልጧል፤ አንደኛው ጥጉም ልጃችን ሕፃን ሳለች ከወንበር ላይ ስለ ጣለችው ተሰርጕዷል። ባለቤታችን አቧራውን በጠረገች ቍጥር «ይህ የማይሠራ ዕቃ የዳዊቱን ስፍራ እስከ መቼ ይሻማል?» ትላለች። ልጃችን ደግሞ «አባባ፥ ለምን ለሙዚየም አይሰጡትም?» እያለች ትሥቃለች።

እኛ ሥራችን በፍርድ ቤት የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል መጻፍ ስለ ሆነ፥ በዚህ ዕቃ ላይ የሚቀርበውን ክስ ሳንሸሽግ፥ መልሱንም ሳናስቀር፥ ለዚህ ገጽ ክቡራን አንባብያን ልናቀርበው ወደድን። ዳኝነቱን ግን እኛ ልንይዘው አይገባንም፤ በነገሩ ውስጥ ገብተንበታልና።

ዕቃው ፓወርቡክ ጂ 4 ይባላል። የአፕል ኩባንያ አለቃ የነበረው ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ ማክወርልድ በተባለው ጉባኤ ላይ ለሕዝብ ያሳየው ጥር 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 2001 ነው። ከዚህ በኋላ የባሕር ማዶውን ነገር በአውሮፓ ዓመት፥ የቤታችንን ነገር በእኛ ዓመት እንቈጥራለን። ከዚያ አስቀድሞ ላፕቶፕ ማለት ጥቁር ወይም ዐመድማ ፕላስቲክ የለበሰ ወፍራም ዕቃ ነበር። እርግጥ ገላው ብረት የሆነ ከዚያ በፊት አልነበረም ለማለት አይቻልም። በ1982 ቢል ሞግሪጅ የነደፈው ግሪድ ኮምፓስ የሚባለው የማግኒዝየም ገላ ነበረው፤ የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵርም ይዞት ወጥቷል። ነገር ግን ዋጋው ከ8,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ወደ ሰው ቤት ሳይገባ ቀረ። የ2001ዱ ግን፥ ዝቅተኛው 2,599፥ ከፍተኛው 3,499 ዶላር ሆኖ ተሸጠ። ይህም ርካሽ አይደለም፤ ሆኖም ቈጥቦ የሚኖር ሰው ሊደርስበት ይችል ነበር።

ውፍረቱ አንድ ኢንች፥ ማለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ክብደቱ 2.4 ኪሎ ነው። ስክሪኑ ወደ ጐን የሰፋ ሆኖ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 15.2 ኢንች ይለካል። ገላው የተሠራበት ቲታንየም ከአሉሚንየም ይልቅ ቢከብድም እጅግ ስለሚጠነክር፥ በስሱ ተዳምጦ ሊሠራ ይችላል ተብሎ ነው የተመረጠው። ለዚህ ማዕድን በ1795 ስም ያወጣለት ክላፕሮት የተባለው የጀርመን ሊቅ ነው፤ ስሙንም የወሰደው በግሪኮች ተረት ከሚነገርላቸው ቲታኖች ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ያን ተረት አንብበናል፤ ቲታኖች ኀያላን እንደ ነበሩ እውነት ነው፥ ነገር ግን በመጨረሻ ወደቁ።

ታላቅ ወንድማችን በዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ እየነዳ ቀን ይማር በነበረበት ጊዜ ይህን ዕቃ በ2001 ገዛ። በ1996 ዓ.ም. ልጃችን ተወልዳ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ሊገኝልን ሲመጣ ይዞት መጣ። ከቦርሳው አውጥቶ ከጠረጴዛው ላይ ባኖረው ጊዜ «ጋሼ፥ የቀረው ወገኑ የት አለ?» ብለን ጠየቅነው፤ ግማሹን ብቻ ያመጣ መስሎን ነበርና። በቄስ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የብራና ዳዊት ምን ያህል እንደሚወፍር በእጃችን እናውቃለን። ይህ ዕቃ ግን ከዳዊቱ ይልቅ ይሳሳ ነበር።

ክዳኑን ሲዘጋው ደግሞ ሌላ ነገር አየን። በክዳኑ ጠርዝ ላይ ምንም አይታይም ነበር፤ ወደ ታች በቀረበ ጊዜ ግን አንዲት ትንሽ መንጠቆ ከተሰወረችበት ብቅ ብላ ክዳኑን ከታችኛው ገላ ጋራ አያያዘችው። እናታችን አማተቡ። ወንድማችን ማግኔት ስቦ እንደሚያወጣት ቢያስረዳቸውም እናታችን ደጋግመው አስከፈቱት፥ ደጋግመውም አስዘጉት። ማጠፊያው መድከም የጀመረው ከዚያ ቀን አንሥቶ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ፖሙ ምልክትም እንናገር። ከዚህ በፊት በነበሩት የአፕል ላፕቶፖች ላይ ፖሙ ለባለቤቱ ቀንቶ ይታይ ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ተገልብጦ ይታያል። በዚህኛው ላይ ነገሩን አዛወሩት፤ ለባለቤቱ ተገለበጠና ለተመልካቹ ቀና። የማኅተም ሥራ የሚያውቁ ክቡራን ይህን ያስተውሉታል፤ ማኅተምም በያዡ እጅ ተገልብጦ በአንባቢው ዓይን የሚቃና ነውና።

ወንድማችን ከእኛ ጋራ በሰነበተባቸው ሦስት ሳምንታት ማታ ማታ እናታችን ይናገራሉ፥ እርሱ ይጽፋል። የሚናገሩትም የእናታቸውን ወገን የዘር ቍጥር ነው፤ ማን ማንን እንደ ወለደ፥ ማን የት እንደ ተቀመጠ፥ ማን ከማን ጋራ እንደ ተጋባ። የአባታችንን ወገን የሚቈጥሩ ሽማግሌዎች አሉ። የእናታችንን ወገን ግን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በኋላ እናታችን ዐረፉ። ወንድማችንም በ2014 ዓ.ም. በዋሽንግተን ዐረፈ፤ ዕቃው ከአስከሬኑ ጋራ መጣልን።

እንግዲህ ወደ ክሱ እንግባ። መጀመሪያ ቀለሙ ነው። ቲታንየሙ በተፈጥሮ መልኩ እንዲቀር ስላልተፈለገ ብርማ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ቀለሙም የእጅ ላብና ንኪኪ እየቈየ የሚያላልጠው ሆነ። በእኛ ዕቃ ላይ የቀኝ እጅ አንጓ የሚያርፍበት ስፍራ ከግራው ይልቅ ተገልጧል፤ ወንድማችን ሲያስብ ቀኝ እጁን ሳያነሣ ዝም ብሎ የመቀመጥ ልማድ ነበረው። ይህን ነውር ብለን ከመዝገብ ላይ እንጽፈዋለን እንጂ ቢታደስልን አንወድም።

ሁለተኛው ክስ ከዚህ ይከብዳል። ያለ ሽቦ የሚገናኘው ዋይፋይ የሚመጣው በራዲዮ ሞገድ ነው፤ ብረት ደግሞ ሞገድን ይከለክላል። ዕቃውን የሠሩት ሰዎች አንቴናውን ከታችኛው ገላ በግራና በቀኝ በትንንሽ መስኮቶች ውስጥ አኖሩት፤ ነገር ግን መስኮቱ ለቤቱ አልበቃም። በዚያው በ2001 የወጣው አይቡክ፥ ዋጋው ከግማሹ ቢጀምርም ገላው ነጭ ፕላስቲክ ስለ ሆነ፥ ከሩቅ የሚመጣውን ሞገድ አጥርቶ ይቀበል ነበር። ባለ ቲታንየሙ ጌታ ወደ መስኮት ሲጠጋ ባለ ፕላስቲኩ ተማሪ ከአልጋው ሳይነሣ ይሠራል።

ገላው ስስ መሆኑም በአንድ እጅ ሲያነሡት ትንሽ ይለምጣል፤ ቢጋጭ ይሰረጕዳል። ክዳኑ ሲዘጋ ስክሪኑ ወደ ቁልፎቹ እጅግ ስለሚቀርብ የቁልፎቹ ዐሻራ በስክሪኑ ላይ ይታተማል።

የክሱ ራስ ግን ማጠፊያው ነው። ያን ሰፊ ክዳን የሚሸከሙት ሁለት ቀጫጭን ማጠፊያዎች ናቸው፤ በብዙ ሰዎች እጅም ተሰብረዋል። አንዱ ሲሰበር ጭነቱ ሁሉ በሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ወደ ስክሪኑ የሚያልፈውም ሽቦ ይጨነቃል። ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ ሰዎች ዕቃውን እንዲወዱት ያደረገው መሳሳቱ ነው፤ ማጠፊያውን የሰበረውም ይኸው መሳሳቱ ነው። ማጠፊያውን ወፍራም አድርጎ መሥራት ይቻል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እናታችን ባላማተቡም ነበር።

ኩባንያውም ክሱን ሰምቷል ለማለት ይቻላል። በ2003 ቲታንየሙን ትቶ ገላውን በአሉሚንየም ሠራው፤ ትንሹና ትልቁ በዓመቱ መጀመሪያ፥ የመካከለኛው 15 ኢንች በሴፕቴምበር ወጣ። አዲሱ እንደ ቀድሞው ቀለም አልተቀባም፤ የብረቱ ፊት ራሱ በኬሚካል ብልሃት እንዲጠነክር ተደረገ እንጂ። አንቴናውም ከታች ተነሥቶ ወደ ክዳኑ ወጣ። በ2008 ደግሞ ገላውን ከአንድ ወጥ አሉሚንየም ፈልፍሎ የመሥራት ጥበብ መጣ። ነገር ግን ሰፊ ስክሪን፥ ስስ ገላ፥ ጌጥ የሌለበት ብርማ ፊት፥ ይህ ሁሉ በ2001 የታየው መልክ ነው፤ ዛሬ በየቢሮው የምናየው ላፕቶፕ አብዛኛው የዚያ ልጅ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎችም ይፈልጉታል፤ ማክ ኦኤስ 9 የሚባለውን የቀድሞውን ሥርዐትና ከእርሱ በኋላ የመጣውን ማክ ኦኤስ ኤክስን፥ ሁለቱንም የሚያስነሣ ስለ ሆነ ነው። ኩባንያው ራሱ በ2023 ባወጣው አይፎን 15 ፕሮ ላይ ወደ ቲታንየም ተመልሶ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። አምና ለልጃችን ሽማግሌ ተላከ። ወጣቱ ትምህርትም ጠባይም ያለው ነው፤ ነገር ግን ወገኖቹ ከመንዝ ናቸው፥ የእናታችንም አገር መንዝ ነው። ሽማግሎቹ ቡናው ሳይፈላ «እስከ ሰባት ቤት ይቈጠር» አሉ። እነርሱ የራሳቸውን ወገን ወዲያው ቈጠሩ። እኛ ግን አራት ቤት ደርሰን ዝም አልን። ልጃችን በበሩ አጠገብ ቆማ ስትሰማ ነበር፤ ፊቷን አይተን ዐዘንን።

እንግዶቹ በሄዱ ጊዜ ዕቃውን ከመደርደሪያው አወረድነው። በዚህ ጊዜ የሠራነውን ጥፋት ሳንናዘዝ አናልፍም። ክዳኑ በሁለት እጅ ከመካከሉ ሊከፈት ሲገባው፥ እኛ እንደ ቢሮ መዝገብ በአንድ እጅ ከጥጉ ይዘን ሳብነው። ትንሽ ድምፅ ተሰማ፤ የግራው ማጠፊያ ተሰብሮ ክዳኑ ወደ አንድ ጐን ዘነበለ። ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፥ የእኛ ነው። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

አንባቢ ጽሑፉን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መገልበጥ ለምን አይቻልም ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ወንድማችን የጻፈበት ፕሮግራም ግን ያን ሥርዐት ገና አልያዘም ነበር። ውስጡ የላቲን ፊደል ሆኖ ላዩ የግዕዝ መልክ የለበሰ ስልት ነበር። ስለዚህ ጽሑፉ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ሲሻገር ልብሱ ይወልቅና የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይቀራል። ወንድማችን በሕይወቱ ሳለ አንድ ጊዜ ልኮልን አይተነዋል። የእናታችን ቃል በትክክል የሚነበበው በዚያ ዕቃ ላይ ብቻ ነው።

ከሰፈራችን አንድ ወጣት ባለሙያ ጠራን። ዕቃውን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላበጠውና ማጠፊያውን ሳይነካ፥ ከኋላው ያለውን ትንሽ በር ከፍቶ ከትልቅ ስክሪን ጋራ በሽቦ አገናኘው። ክዳኑን ጥቂት ብቻ ገርበብ አድርጎ በሁለት መጽሐፍ ደገፈው። ኤሌክትሪኩን ሰጥቶ የማስነሻውን ቁልፍ ቢጫነው፥ ያ የታወቀው ድምፁ እንደ ትንሽ ደወል ተሰማ። ውስጡም ማጕረምረም ጀመረ። ወጣቱ ሣቀና «ጌታዬ፥ ይህ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል» አለን።

ጽሑፉን ባገኘነው ጊዜ ማተሚያ እንፈልግ ያሉ ነበሩ። እኛ ግን ብዕርና ወረቀት አስመጣን፤ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መገልበጥ የዕለት ሥራችን ነውና። ሦስት ማታ ፈጀብን። ልጃችን ከስክሪኑ ላይ ጮኻ ታነባለች፥ እኛ እንጽፋለን፥ ባለቤታችን መብራት ታቀርባለች። አንዳንድ ስፍራ ወንድማችን የእናታችንን አነጋገር እንዳለ ጽፎታል፤ «ይህ ክፉ ሰው ነበር፥ ብቻ ጻፈው» የሚልም አለበት።

በሦስተኛው ማታ ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበትን ስም አገኘነው። ስምንተኛው ቤት ላይ ነው። በማግሥቱ ለሽማግሎቹ ወረቀቱን ስንሰጣቸው በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቈጥረው «ሰባት ዐልፏል» አሉና ቡናው ፈላ።

ልጃችን ግን በዚያች ማታ ስሙ ከተገኘ በኋላም ማንበቧን አላቆመችም ነበር። ቍጥሩን እየተከተለች ወደ ታች ወረደች፤ ከእናታችን እናት ወደ እናታችን፥ ከእናታችን ወደ ወንድማችንና ወደ እኛ። ከእኛ ስም በታች አንድ መሥመር ብቻ ቀርቶ ነበር። ያን መሥመር በልቧ አነበበችውና ዝም አለች። «ምን ይላል?» ብንላት «የእኔ ስም ነው፤ የክርስትናዬ ቀን ተጽፎበታል» አለች።

ባለቤታችን በማግሥቱ ዕቃውን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋ፥ ክዳኑ እንዳይንገዳገድ በነጠላ ጥለት ዙሪያውን አሰረችው፤ ዳዊቱንም ትንሽ ገፋ አድርጋ ስፍራ ሰጠችው።