«የትም ብታደርገው ያው ነው»

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የራሴን አንድ ስህተት ልጽፍላችሁ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ደብረ ታቦር ፊዚክስ ሳስተምር አባቱ ክራር የሚደረድሩ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አንድ ቀን የአባቱን ክራር ጅማት አውልቆ፣ የብረት ክር ወጥሮበት፣ ከአሮጌ ጊታር የተነቀለ ፒክአፕ ይዞ መጣ።

«ቲቸር፣ ይቺን የቱ ጋ ልለጥፋት?»

ፒክአፕ ማለት በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር አጠገቡ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላዋል። ጅማት ላይ አይሠራም። ይሄን ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳምሬ አስረዳሁት። የጠየቀኝን ግን «ክሩ እንደሆነ ከዳር እስከ ዳር ነው የሚርገበገበው፤ የትም ብታደርገው ያው ነው» ብዬ ዘጋሁት።

አመነኝ። ክሮቹን ተሸክማ ቆዳው ላይ ከምትቆመው በርኩማ ሥር ለጠፋት።

ጥር ላይ አንድ ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ ሲጫወት ነበርኩ። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ ሲጫር ይመስላል። ሰው ሳቀ። ልጁ ገመዱን ነቅሎ በባዶው ቢሞክር የጄኔሬተሩ ጩኸት ዋጠው። በማግስቱ ሲጠይቀኝ «ዕቃው ርካሽ ሆኖ ነው፣ ደህናውን ግዛ» አልኩት። ክረምቱን ሙሉ ጭነት ሲያወርድ ከርሞ ሌላ ገዛ። እዚያችው ቦታ ለጠፈው። ያው ቆርቆሮ! ከዚያ በኋላ ስለ ክራሩ አንስቶልኝ አያውቅም፤ ጨርሶም ከተማውን ለቀቀ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ወዳጄ ጊታሩን አስቀመጠብኝ። ሦስት ፒክአፕ ያለው፣ በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ዓይነት ነው። ማዞሪያዋን ወዲህ ስላት ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ፣ ወዲያ ስላት ቀጭንና ሹል። ክሩ አንድ፣ እጁም አንድ። የተለወጠው የትኛው ፒክአፕ እንደሚያዳምጥ ብቻ ነው። ደንግጬ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ክር ሲመታ ሙሉውን ይወዛወዛል። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት እየተከፈለ ይርገበገባል። ሙሉው ውዝዋዜ ወፍራሙን ድምፅ፣ ክፍልፋዮቹ ቀጫጭኑን ይሰጣሉ። በርኩማው ጋ ክሩ ታስሯል። ስለዚህ ትልቁ ውዝዋዜ እዚያ አጠገብ የለም ማለት ይቻላል፤ አጫጭሮቹ ግን ከበርኩማው ትንሽ እንደራቁ ወዲያው ያብጣሉ። እዚያ የተቀመጠ ፒክአፕ የሚሰማው በአመዛኙ ቀጫጭኑን ነው። የስትራቶካስተር ክር 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ወደ አንገቱ ያለው ፒክአፕ ከድልድዩ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም የክሩ ሩብ ላይ ነው። እዚያ ወፍራሙ በደንብ ይሰማል፤ ለአራት የሚከፈለው ግን ልክ እዚያ ነጥብ ላይ ስለማይንቀሳቀስ ይጠፋል።

ጊታር ላይ ጣት ክሩን ያሳጥረዋል። 12ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑ ክሩ በግማሽ ያጥራል፣ ያው ፒክአፕ አሁን የቀረው ክር መሃል ላይ ሆነ ማለት ነው። ቦታው በየኖታው ይለዋወጣል። ክራር ግን ሁሉም ክር በሙሉ ርዝመቱ ነው የሚጮኸው። አንዴ የተሳሳተ ቦታ ከለጠፋችሁ፣ ትዝታም ሆነ ባቲ ብትቃኙ፣ ስህተቱ ከሁሉም ድምፅ ጋር አብሮ ይሄዳል።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የልጁ አባት ይሄን ያውቁ ነበር። ሲደረድሩ እጃቸውን ወደ በርኩማው ሲያስጠጉ ድምፁ ይሾላል፣ ወደ መሃል ሲያወጡት ይለዝባል። የሚመታበት ቦታ እንደሚሰማበት ቦታ ነው፣ ሕጉ አንድ ነው። ስንት ጊዜ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አይቻለሁ!

በቅርቡ የልጁን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ሩቡንም፣ ግማሹንም አስረዳሁት። ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ ሳቀ።

«ቲቸር፣ ሁለተኛዋን በገዛሁ በሳምንቱ በፕላስተር እያሰርኩ ሳንቀሳቅሳት አግኝቼው ነበር እኮ። እርስዎ እንዳያፍሩ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ምን ልበል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ጆሮዬ ላይ ቀረ። እኔ «አላውቅም፣ እስቲ እንሞክረው» ብል ኖሮ የሁለት ብር ፕላስተር ይበቃን ነበር።

ክራር ላይ ፒክአፕ የምትገጥሙ ካላችሁ፦ ቆዳው ላይ አትለጥፉ፣ ክብደቱ ድምፁን ያፍነዋል። ገበቴው ጠርዝ ላይ በተጋደመ ቀጭን እንጨት አሳርፉት። ለክሩም አብዝታችሁ አታስጠጉት፣ ማግኔቱ ክሩን እየሳበ ቅኝቱን ያበላሻል። መጀመሪያ በፕላስተር እሰሩ፣ እያንቀሳቀሳችሁ አዳምጡ፣ ማጣበቂያው መጨረሻ ይምጣ።

እኔ ያሳሳትኳችሁ ሌሎች ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ከታች ጻፉልኝ። አላፍርም።